ለሁሉም ጆሮ የሚስማማ ንግግር

ዊልማ ስትራውሰር የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ ነው ያረጀችው። ከመሪው በላይ በተሰቀለው መስተዋት ከኋላዋ የሚዋሹ ልጆችን ስታይ ስለኖረች፣ ውሸታም ለመለየት ዞር ማለት አያስፈልጋትም። ግራንት ሌድፎርድ የሚባለው የንግግር ባለሙያ ከዋናው ከተማ መጥቶ በተኳሾች ማኅበር አዳራሽ፣ ከተሰቀለው የአጋዘን ራስ ሥር ሲቆም፣ ገና አፉን ሳይከፍት አወቀችው። የአዳኝ ጫማ አድርጓል። ጫማው ጭቃ ነክቶት አያውቅም።

ማኅበሩ ሰውዬውን የቀጠረው ጨንቆት ነው። ከኮረብታው ማዶ የነበረው የበቆሎ እርሻ ተሸንሽኖ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተውበታል። አዲሶቹ ነዋሪዎች ደግሞ የተኩሱ ድምፅ ልጆቻችንን አስደነገጠብን ብለው የማኅበሩ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ እንዲዘጋ ለምክር ቤቱ አመልክተዋል። ከአምስቱ የምክር ቤት አባላት ሁለቱ ይዘጋ፣ ሁለቱ አይዘጋ ይላሉ። አምስተኛዋ ኬሊ ማርቼቲ የምትባል፣ እዚያው አዲሶቹ ቤቶች ውስጥ የምትኖር ቤት አሻሻጭ ናት፤ ልቧ ወዴት እንዳደላ የሚያውቅ የለም። ዊልማ ወንዶቹ ሁልጊዜ የሚጮሁለት ጠመንጃ የመያዝ መብት እምብዛም አያስጨንቃትም። የሜዳውን ጣሪያና አግዳሚ፣ የዒላማውን ማቆሚያ ሳይቀር በእጁ የሠራው ባሏ ክላይድ ነው። ሜዳው ከተዘጋ የክላይድ የእጅ ሥራ በአንድ ጠዋት በዶዘር ይጠረጋል።

«ከዛሬ ጀምሮ መብት የምትለዋን ቃል እርሷት» አለ ግራንት። «መብት ስትሉ እናቶች ጆሯቸውን ይደፍናሉ። ቤተሰብ በሉ፣ ደህንነት በሉ፣ የልጅ ልጄ በሉ። የራስ ቅል ሥዕል ያለበት ኮፍያ ያደረገ ሰው የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ እንዳላይ።»

አምስት ስድስት እጆች ወደ ኮፍያ ተዘረጉ።

«ደግሞ ሰው ሲሳሳት አታርሙ። አንዲት እናት የጥይት መያዣውን በሌላ ስም ብትጠራው ምን ትላላችሁ?»

«ትክክለኛውን ስም እነግራታለሁ» አለ ከኋላ አንዱ።

«ምንም አትላትም። ፈገግ ትላለህ።»

«እንዲያ ከሆነማ ባልናገር ይሻለኛል።»

«አዎ፣ ይሻላል» አለው ግራንት።

ለዚህች አንዲት መልሱ ዊልማ ልትወደው ምንም አልቀራት። እነዚህ ወንዶች አጋዘን ለመጠበቅ በበረዶ ውስጥ ዛፍ ላይ ሲውሉ ትንፋሻቸው አይሰማም። ሴት ስታወራ ግን አንዲት ደቂቃ ዝም ማለት አይችሉም። በንቀት አየቻቸው፤ ንቀቷንም አልደበቀችም።

ግራንት ዓይኑን አዙሮ እሷ ላይ ተከለ። «ስብሰባው ላይ እንዲናገሩልን የምንፈልገው እርስዎን ነው። አያት፣ ባል የሞተባት፣ የከተማውን ልጅ ሁሉ አመላልሳ ያሳደገች። ለመሆኑ ባለቤትዎ በምን ሞቱ?»

ወንዶቹ ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሃርላን ሹፕ፣ የክላይድ የልጅነት ጓደኛ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «በድንገት ነው» አለ።

«በድንገት» አለ ግራንት እየጻፈ። «ጥሩ ነው። በድንገት ሲባል ሰው አንጀት ይገባል።»

ክላይድ በድንገት አልሞተም። የሚሠራበት ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ ምድር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሳይበላ፣ ሳይናገር፣ ቀስ በቀስ ነው የሞተው። መጨረሻው ብቻ በገዛ ጠመንጃው ሆነ። ከዚያ በፊት ዊልማ ሃርላን ዘንድ ሄዳ «እስኪሻለው ድረስ ጠመንጃዎቹን አንተ ጋ አስቀምጥልኝ» ብላው ነበር። «የወንድ ጠመንጃ ከቤቱ ይወጣል እንዴ? ሰውየውን ማዋረድ ነው» ሲል መለሰላት። እሷም ባሏን እንዳታዋርድ ፈርታ ተመለሰች። ከቀብሩ በኋላ ሃርላን መጥቶ ጠመንጃዎቹን ወሰደ፤ የት እንዳደረሳቸው አልጠየቀችውም። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ግን ማንም አይናገርም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሷ ዝምታ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

ቢሆንም እሺ አለች። ክላይድ ለሠራው ጣሪያ ብላ እሺ አለች።

ስብሰባው በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ነበር። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተው ተደርድረዋል። ሚስቶቻቸው በግድ ቤተ ክርስቲያን የወሰዷቸው ይመስላሉ። ዊልማ የግራንትን ወረቀት ይዛ ተነሣች።

«ክላይድ በድንገት ሲለየኝ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ» ብላ አነበበች። «ያስተማረኝ ግን አልተለየኝም። ሌሊት ነፋስ በሩን ሲነቀንቀው ጠመንጃው ከጎኔ ነው። እሱ ራሱ አጠገቤ እንዳለ ሆኜ እተኛለሁ። ያን ሜዳ ስትዘጉ ባሌን ሁለተኛ ትቀብሩብኛላችሁ።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ያቺን እንኳ የጻፋት ግራንት ነው። ከአዲሶቹ ቤቶች የመጡ ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ዊልማ አልቃሾቹን ናቀቻቸው፤ ጥርሱ እስኪታይ ፈገግ ያለውን ግራንትንም ናቀችው። ከሁሉም ይልቅ ግን ወረቀቱን የያዘውን የገዛ እጇን ለማየት ተጸየፈች።

ከድምፅ መስጫው በፊት ዕረፍት ሆነ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሚስቶች ቡናና የፖም ኬክ ያድላሉ። ኬሊ ማርቼቲ ኬኳን ሳትነካ ወደ ዊልማ መጣች። ሃርላንና ግራንት ከዊልማ ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«ወይዘሮ ስትራውሰር፣ ልቤን ነው የነኩኝ» አለች ኬሊ። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ይዘጋ ልል ነበር የመጣሁት። አሁን ግን ስለ ባሌ እያሰብኩ ነው። ዴረክ ሥራ ካቆመ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። አይበላም፣ ከልጆቹ ጋር አያወራም።»

ዊልማ የያዘችው የወረቀት ስኒ እጇ ውስጥ ተጨማደደ።

«ልጅ እያለ ከአባቱ ጋር ያድን ነበር» አለች ኬሊ። «የአባቱ ጠመንጃ እዚያው ጋራዡ ውስጥ አለ፤ ሰሞኑን አውርዶ ሲወለውለው አየሁ። አንድ አዲስ ገዝቼ ማኅበራችሁ ውስጥ ባስገባውስ? የእርስዎ ባል እንደዚያ ይወድ ከነበረ እሱም ይነቃ ይሆናል።»

«ድንቅ ሐሳብ ነው» አለ ግራንት። «አቶ ሃርላን ራሳቸው ይመርጡለታል።»

ሃርላን ከግራንት ፈቀቅ አለ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

ዊልማ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የምትናገረው ሜዳውን እንደሚያስዘጋ አውቃለች፤ ጣሪያው፣ አግዳሚው፣ ሚስማሩ ሁሉ በዓይኗ መጣ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለች። «ያነበብኩት ውሸት ነው። ክላይድ በድንገት አልሞተም። እሱም እንደ ባልሽ ተቀምጦ ይውል ነበር። በገዛ ጠመንጃው ነው የሞተው።»

ግራንት ክርኗን ያዘ። «ወይዘሮ ስትራውሰር ደክሟቸዋል።»

«እጅህን አንሣ። አንተ ልጅ፣ በአውቶቡሴ ብትሆን ኖሮ መንገድ ላይ ነበር የማወርድህ።» ወደ ኬሊ ዞረች። «ስብሰባውን ተይው። አሁኑኑ ቤትሽ ግቢ። አጠገቡ ተቀመጪ፣ ጠይቂው፣ ሐኪም ጋ ውሰጅው። ጠመንጃው ግን ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ።»

«ይቆጣኛል» አለች ኬሊ። «ያፍራል።»

«ይፈር።»

ያን ጊዜ ሃርላን የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ዊልማን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «እኔ እከተልሻለሁ» አላት ኬሊን። «ጠመንጃውን እኔ ነኝ የምጠይቀው።» ሁለቱም ወጡ።

ድምፁ ያለ ኬሊ ተሰጠ፤ ሁለት ለሁለት ወጣ። እኩል ከወጣ ደግሞ የመዝጋቱ ሐሳብ ይወድቃል፤ ሜዳው ተረፈ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉና ተቃቀፉ። ግራንት እስክሪብቶውን ይዞ ወደ ዊልማ እየሮጠ መጣ።

«ቅድም ለሴትየዋ ያሉትን ይድገሙልኝ እስቲ» አላት። «በድንገት የሚለውን አውጥተን ለሌላ ከተማ ንግግር እሱን እናስገባለን። እንዲህ ያለ ነገር ለእናቶች ይሸጣል።»

ዊልማ ትኩር ብላ አየችው። እንዲህ ያለውን ሰው መስደብ እንኳ ማክበር መሰላት። የንግግሩን ወረቀት አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ቡና ጠረገችበትና ሰጠችው።

ሃርላን ሲመለስ ሰው ሁሉ ሄዶ፣ ዊልማ ወንበር እያጠፈች ነበር። እሱም ከጎኗ ሆኖ ማጠፍ ጀመረ።

«ጠመንጃው መኪናዬ ውስጥ ነው» አላት። «ባልየው ራሱ ነው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የሰጠኝ። ይጮህብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጣም፣ ዊልማ። አመሰገነኝ። ሚስቱን ይዞ አለቀሰ።»

ዊልማ የመጨረሻውን ወንበር ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ብትጠይቀው ክላይድም ይሰጥህ ነበር» አለችው።