ዝናብ የማያስለቅቀው ስቲከር

ዝላቲና በስቲከር ሱቋ መስታወት ላይ «ከለጠፍነው ወይ ፍንክች!» ብላ በትልልቅ ቀይ ፊደል የለጠፈች ዕለት ደስታዋን የሚችለው አልነበረም። ሰው ደግሞ መች አርፎ ይቀመጣል? ወር ሳይሞላ ያንኑ ጽሑፍ መሰደቢያዋ አደረገው።

ቀድመው የመጡት ጎረቤቷ ሌሊያ ስቶይና ናቸው፤ እኛ የሎም ከተማ ሰዎች ከእናታችን እኩያ የሆነችውን ሁሉ ሌሊያ ነው የምንላት። ዝላቲና ለአንድ ማር ሻጭ ስቲከር የለጠፈችበትን ባዶ ጠርሙስ ይዘው ገቡና ጠረጴዛዋ ላይ ድም አደረጉት።

«ይቺን ተመልከቺልኝ እስቲ! በኮምጣጤ አሸኋት፣ በአመድ ፈተግኋት፣ ፍል ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኋት። ወይ ፍንክች! አሁን የበርበሬ ድልሄን ‹የአበባ ማር› የሚል ጠርሙስ ውስጥ ልክተተው?»

«ሌሊያ፣ ጥራት ማለት እኮ እሱ ነው!»

«ጥራትሽን በጥብጠሽ ጠጪው!» ብለው ወጡ።

እውነታቸውን ነው። ሎም ውስጥ ጠርሙስ የሚጥል ሰው የለም። በርበሬ ሲደርስ ከተማው በሙሉ በረንዳ ላይ ይጠብሳል፣ የፕለም ፍሬ ይቀቅላል፤ የአምናው ጠርሙስ ታጥቦ የዘንድሮው ይሞላበታል። ዝላቲና ይህ ጠፍቷት አይደለም፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት። ግን እልኸኛ ናት። «የሚለቅ ከሆነማ ምኑን ስቲከር ሆነው? ወረቀት ነው» ትላለች። ማተሚያዋን ከሶፊያ አሮጌ ገዝታ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ነበር ያመጣችው። አራት ዓመት ሙሉ ለታክሲውም ለደብተሩም ለዓሣ አጥማጆቹም ስትለጥፍ ኖረች፤ ሥራው ግን ስንዝር አላደገም።

ባሏ ቦይኮ መሮታል። ጀርመን አገር ያለው ያጎቱ ልጅ ለሁለቱም መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቶላቸዋል።

«በመከር እስከሚውለው እስከ ቅድስት ፔትካ በዓል ታገስኩሽ» አላት። «እስከዚያ ሱቁ ነፍስ ካልዘራ፣ ቆልፈን እንሄዳለን።»

«ትእዛዝ መሆኑ ነው?»

«ልመናም ሞክሬ ነበር፤ አልሰማሽኝም።»

ለዝላቲና ደግሞ ከሎም መውጣት ማለት ሞት ማለት ነው። የሰው መጋዘን ውስጥ የሰው ካርቶን ስታነሳ ስትጥል ይታያታል። ተስፋዋ አንድ ነበር፦ የንብ አርቢዎች ማኅበር። የማኅበሩ የማር ጠርሙስ ሁሉ የሷን ስቲከር ከለበሰ፣ ሱቁን የሚነካው የለም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ራዶስቲን ይባላል። እናቱ ኔቬና የሞቱት በፀደይ ነበር። አርባቸው ሊደርስ ሲል ራዶስቲን ፎቷቸውን ይዞ ሱቋ መጣ።

እዚህ ሰው ሲሞት ፎቶው በወረቀት ታትሞ በሩ ላይ፣ ምሰሶው ላይ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይለጠፋል። አርባው ሲደርስ እንደገና፣ በመንፈቁ እንደገና፣ ሙት ዓመቱ ሲመጣ እንደገና። ያለፈው እስኪላጥ የሚመጣው ይደርሳል።

«እኔ በየጊዜው መለጠፊያ ጊዜ የለኝም» አላት ራዶስቲን። «እናቴም ዝናብ የበላው ቡትቶ ስትሆን ማየት አልፈልግም። ያንን የማይለቀውን አድርጊልኝ። በጋውን ከቻለ የማሩ ሥራ ያንቺ ነው።»

ቅር አላት። ሱቁን የከፈተችው ለሠርግና ለልደት እንጂ ለሙት አልነበረም። ግን ማር ነው፣ ምን ታድርግ? ምርጡን ፕላስቲክ አወጣች፣ ከላይ መከላከያውን አለበሰችው፣ ወስዳ የአባቱ የባይ ጌንቾ ፎቅ መግቢያ በር ላይ ለጠፈችው፤ ባይ ማለት እኛ ዘንድ እንደ ጋሼ ነው። ፀሐይ ወጣ፣ በረዶ ወረደ፣ ከዳኑብ ወንዝ ነፋስ መጣ፤ ኔቬና አልደበዘዙም። ራዶስቲን ደስ ብሎት «ሰኞ ነይና እንፈራረም» አላት። ፔትካ ልትደርስ አሥር ቀን ሲቀራት ማለት ነው። ዝላቲና ቤቷ ገብታ ባሏ ላይ ምላሷን አውጥታ አሾፈችበት።

ዓርብ ጠዋት ባይ ጌንቾ ሱቋ መጡ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሻሉ።

«ልጄ፣ ኔቬናን አንሺልኝ።»

«ከየት ነው የማነሳቸው?»

«ከበሩ ላይ።»

ዝላቲና ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ባይ ጌንቾ፣ ምን ሆነው ነው? ፎቶው አላማረም?»

«አምሯል። እሱ ነው ችግሩ። ወረቀት ቢሆን መጀመሪያ ዓይኗ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ አፏ፣ ከዚያ ጥጉ ተልጦ ይንጠለጠላል። ሰውም እንደዚያው በትንሽ በትንሹ ይለምደዋል። ይቺ ግን ገና ትናንት እንደሞተች ሆና በየጠዋቱ ትስቅብኛለች። አሁንስ በምድር ቤቱ በር መውጣት ጀመርኩ።»

«ለራዶስቲን ነገሩት?»

«ነገርኩት። ‹አባዬ፣ እናቴን ልትረሳት ነው?› አለኝ።»

የዝላቲና ደም ፈላ። የምድር ሰው ሁሉ ተማክሮ የመጣባት መሰላት፤ አንዱ አይለቅም ብሎ ይሰድባታል፣ ሌላው አልለቀቀም ብሎ ያለቅስባታል። «ሰኞ እኮ ነው የምንፈራረመው፣ ባይ ጌንቾ! በናትዎ፣ እስከ ሰኞ እንኳ አይችሉም?»

«አምስት ወር ችያለሁ። ሰኞማ ምን አላት» አሉና ቆባቸውን አጠለቁ።

ተገላገልኩ አለች። ሰኞ ፈርሜ ማክሰኞ እልጠዋለሁ፣ ማን ያየኛል? ጥሩ ዕቅድ ነበር፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። እሑድ ግን ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ባይ ጌንቾን አየቻቸው። ዳቦ በብብታቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ከትልቁ በር አዙረው፣ በፎቁ ጀርባ ወደ ምድር ቤቱ በር ይሄዳሉ። በሩ አጭር ነው፣ ለከሰል ተብሎ የተሠራ። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ አልሆነላቸውም። ቀና ብለው ተነፈሱና እንደገና ጎነበሱ።

«እኔን አፈር ያስበላኝ!» አለች ዝላቲና። ዳቦ መግዛቱን ትታ ቤቷ ሮጠች፣ የፀጉር ማድረቂያዋንና መላጫዋን ይዛ ተመለሰች።

የማድረቂያውን ገመድ ባይ ጌንቾ በመስኮታቸው አስገብተው ሰኩላት። ሙጫው በሙቀት ካልላላ አይነሳም፤ ሲነሳም በክር በክር ነው። እየላጠች ራሷን ረገመች፣ ሙጫውን ረገመች፣ የፈበረከውን አገር ረገመች። ጥፍሯ ተሰበረ። ባይ ጌንቾ ማድረቂያውን ልያዝልሽ አሉና ወደ ፎቶው ጉንጭ አስጠጉት።

«ቀስ በይ፣ እንዳያማት» አሉ። ወዲያው አፍረው «ጃጀሁ አይደል?» አሉ።

«አልጃጁም፣ ባይ ጌንቾ። እርስዎ ብቻ ጥሩ አድርገው ይያዙት።»

ግማሽ ፊት ሲቀር የራዶስቲን መኪና ቆመች። ላባቱ ምሳ ይዞ መምጣቱ ነበር። በሩን ሲያይ ሳህኑን መኪናው ጣራ ላይ አስቀመጠው።

«እናቴን ነው የምትልጫት? እኔ ሳላውቅ? ለዚህ ነው ማር የምሰጥሽ?»

«እኔ ነኝ ያልኳት» አሉ ባይ ጌንቾ፣ ማድረቂያውን ሳያጠፉ። «አንተ በሳምንት አንዴ መጥተህ ታያታለህ፣ አየኋት ብለህ ትሄዳለህ። ከዚህ በር ጋር የምኖረው እኔ ነኝ።»

«አባዬ፣ አንተ ዝም በል! ዝላቲና፣ ማሩን እርሺው። ሰኞም እንዳትመጪ።»

ልመና አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። መላጫውን ይዛ የቀረውን ግማሽ ፊት ጨረሰች፣ እንባዋ ግን አገጯ ድረስ ወርዶ ነበር። ቤት ገብታ ለቦይኮ ስትነግረው አልሳቀባትም። ቢስቅባት ይሻላት ነበር። ከቁም ሳጥኑ አናት ሁለቱን ሻንጣ አውርዶ አቧራቸውን ጠረገ።

ሰኞ ሱቁን ልታጸዳ ገባች። የመስታወቱን ጽሑፍ ልትልጥ ሞከረች፤ ወይ ፍንክች። መላጫውን ወርውራ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንዲህ ተቀምጣ ሳለች ባይ ጌንቾ በስስ ላስቲክ አንድ ጠርሙስ ይዘው ገቡ። ፕለም ነው። ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ፣ ወደ ቀኝ በተጋደለ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦ «ፕለም። ስኳር የሌለው። ለጌንቾ ነው፣ እንዳትነኩ!»

«ኔቬና ከቀቀለችው የመጨረሻዋ ናት» አሉ። «ስኳር በሽታ ስላለብኝ ለብቻ ነበር የምትቀቅልልኝ። ካልበላሁት ይበላሻል። ከበላሁት ጠርሙሱን ላጥበው ነው። ባጠብኩት ጊዜ ጽሑፏ ይሄዳል። ሌሊቱን ሳሰላው አደርኩ፤ መውጫ የለውም።»

ዝላቲና ከመሬት ተነሳች።

«ፊቷን ዝናብ ይውሰደው፤ ፊቷን አውቀዋለሁ። ይሄንን ግን…» በአውራ ጣታቸው ወረቀቷን ዳበሱ። «ይሄንን በዚያ በማይለቀው አድርጊልኝ።»

ጽሑፉን ፎቶ እያነሳች ሳለች ቦይኮ ገባ። ስልኩ በእጁ ነው፤ ያጎቱ ልጅ ዛሬውኑ መልስ ይፈልጋል። ሊናገር አፉን ከፍቶ ጠርሙሱን አየ። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

«ሂድ! ብቻህን ጀርመንህ ግባ!» ብላ ጮኸችበት። ባይ ጌንቾ አቀርቅረው ቆባቸውን ማሸት ያዙ።

ቦይኮ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር አለ፣ ጉልበቱ አቧራ ነው። ከቤታቸው ምድር ቤት፣ እናቱ ከሞቱ ወዲህ ሁለት ዓመት ማንም ካልነካው መደርደሪያ ላይ ያመጣውን ጠርሙስ ከባይ ጌንቾ ጠርሙስ አጠገብ አስቀመጠው። በእናቱ እጅ፣ በሐምራዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል፦ «ቼሪ። ቦይኮ ሲመጣ።»

«ይሄንንም» አለ።

ዝላቲና አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ባይ ጌንቾ ይቀድማሉ። ወረፋህን ጠብቅ።»

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ቦይኮ ሳያነሳው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።