ሰማያዊው ካርድ

«እኔ ከሌለሁ ያ ሁሉ የመስታወት ሕንፃ አንድ ቀን አያድርም!» ትል ነበር፣ ከተቀጠረች ገና በሦስተኛ ወሯ። ሰፈሩ «አለቃ» ብሎ ስም ያወጣላት ወድዶ አይደለም፤ ምላሷ ከእሷ ቀድሞ የተወለደ ነው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ትልቁ የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ያስገባቻት አክስቷ ናት። አክስትየው እዚያው ዘጠኝ ዓመት የደንበኞችን ስልክ ስትመልስ የኖረች፣ ሰማያዊ ካርድ ያላት ቋሚ ሠራተኛ። ያሳደገቻትም እሷ፣ ቤቱም የእሷ። የአለቃ ካርድ ግን ቢጫ ነው፤ ቢጫ ማለት ጊዜያዊ፣ ጊዜያዊ ማለት ደግሞ ነገ የለሽም።

ጥቅሙስ ጥቅም ነው፣ ምን ያስዋሻል? ምሳ በነፃ፣ ሰርቪስ እስከ ደጃፍ፣ ወገብ የሚደግፍ ወንበር። ጉዳቱ? ሽንት ቤት የቆዩበት ደቂቃ ሳይቀር ይመዘገባል። በየወሩ በነጥብ ከመጨረሻ የወጡት አሥር ሰዎች ካርዳቸው በሩ ላይ ቀይ ያበራል፤ ዕቃቸው በካርቶን ይመጣላቸዋል፤ ደህና ሁኑ የሚላቸው እንኳ የለም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

የአለቃ ሥራ የተቀዱ ስልኮችን እየሰሙ ቀለም መስጠት ነው። ጥሪው በስድስት ደቂቃ ካለቀ አረንጓዴ፣ ካለፈ ቀይ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ምክንያት። የመላሿ ስም አይታይም፣ ቁጥር ብቻ። አንድ ሰኞ ተቆጣጣሪው፣ ሠራተኛው በሹክሹክታ «ሰዓቱ» የሚለው ሰውዬ፣ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ቋሚ ላደርግሽ አስቤያለሁ። ይሄን ወር ካልራራሽ።»

«መቼ ራርቼ አውቃለሁ?»

«እሱን እኮ ነው የወደድኩልሽ።»

ፎርም ሰጣት። አንድ ዋስ ያስፈልጋል፤ ዋሱም የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት። አክስቷ ከሥራ እንደገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፈረመችላት።

«ቀና ያድርግልሽ የኔ ልጅ። ብቻ ስትገቢ ልብሽን በሩ ላይ እንዳትጥዪው።»

«ኡፍ አክስቴ፣ ብዙ ታወሪያለሽ!» አለቻት፣ እንደ ሁልጊዜዋ።

ሐሙስ ዕለት ጆሮዋ ውስጥ አንድ ድምፅ «አይዞዎት አባቴ፣ ቀስ ብለን እናየዋለን» አለ። አለቃ ክው አለች። አክስቷ ናት! አንድ ሽማግሌ የሟች ሚስታቸው ፎቶ ያለበት ስልክ ተቆልፎባቸው ያለቅሳሉ። አክስቷ ታባብላለች፣ ታስረዳለች፣ መሀል ላይም ታስቃቸዋለች። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ስልኩ ተከፈተ፤ ሽማግሌው መርቀው መርቀው አልጠግብ አሉ።

አረንጓዴ ብትሰጥ ሌላ ሰው መልሶ ይሰማውና የራሷ ነጥብ ይወርዳል። ጣቷ ትንሽ አመነታ። «አንድ ቀይ ሰው አይገድልም» አለች በሆዷ፤ ቀይ ሰጠች። ምክንያት በሚለው ላይ «ብዙ ታወራለች» ብላ ጻፈች። ከዚያ ሄዳ ነፃውን ምሳ በላች፤ ደገመችም። በዚያው ሳምንት ያ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ፣ ሁለቱንም ቀይ አደረገችው። ምክንያቱንም አልቀየረችም፤ ምን አስለፋት?

ወሩ ሲያልቅ አክስትየው ካርዷን በሩ ላይ ብታስጠጋ ቀይ በራ። ዘጠኝ ዓመት አንዲት ካርቶን አልሞላም፤ ሹራብ፣ ማበጠሪያ፣ ከላይ ቀዮቿ ከነምክንያታቸው የሰፈሩበት የታጠፈ ወረቀት። አለቃ ሊፍቱ ጋ አየቻት። ስልኳ ላይ አፍጥጣ እንዳላየ ሰው አለፈች፤ ፎርሟን ይዛ በቀጥታ ወደ ሰዓቱ።

ሰውዬው ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ፎርሙን መለሰላት።

«ዋስሽ ሠራተኛችን አይደለችም።»

«ናት እንጂ! ዘጠኝ ዓመቷ!»

«ዛሬ ጠዋት ወጥታለች። እስከ ነገ ሌላ ዋስ ካላመጣሽ ቢጫዋንም ታስረክቢያለሽ።»

ፎቁን ስትዞር ዋለች። ማን ይፈርምላት? ቀይ ያልቀባችው ሰው ቢፈለግ ጠፋ። በመጨረሻ ዓይኗን በጨው አጥባ ቤት ገባች። አክስቷ ያንን ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«አክስቴ በሞቴ፣ ከጓደኞችሽ ለአንዷ ደውዪልኝ፣ ትፈርምልኝ! እኔ ቋሚ ስሆን አንቺንም አስገባሻለሁ፣ ሰዓቱ እኮ ይወደኛል፣ ደግሞ ማን እንደፈረደብሽ አጣርቼ...»

ቀጠለች፣ ቀጠለች። አክስትየው ከወረቀቱ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«ስድስት ደቂቃሽ አለፈ» አለቻት። «ብዙ ታወሪያለሽ።»