ትልቁ ልክ

በስፌት ቤታችን ትንሹ ልክና መካከለኛው ልክ የየራሳቸው አሻንጉሊት አላቸው። ጭንቅላት የላቸውም፣ በአንድ እግር ነው የቆሙት፣ ሆዳቸው በጥጥ ተሞልቶ በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኗል። ትልቁ ልክ ግን አሻንጉሊት የለውም። ትልቁ ልክ እኔ ነኝ።

የተቀጠርኩት ቁልፍ ለመትከልና የተረፈ ክር ለመልቀም ነው። አዲስ ቀሚስ ሊወጣ ሲል ግን ቆራጩ በበሩ ብቅ ብሎ «ድንቡሼ» ይለኛል፤ እኔም መርፌዬን ገዋኔ ደረት ላይ ሰክቼ እከተለዋለሁ። ስሙን ያወጡልኝ የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ናቸው። ገና የገባሁ ቀን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ለትልቁ ልክ አሻንጉሊት ሊገዙ ያሰቡትን ሐሳብ እዚያው ተዉት። ሕያዋ እያለች ለጥጥ ምን አስወጣኝ አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ወፍራም ሰው ቀድሞ ካልሳቀ እንደሚሳቅበት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ልኩ ሲወሰድ በርጩማ ላይ እቆማለሁ። ቆራጩ ቀሚሱን ከስስ ካናቴራዬ በላይ ያጠልቅልኛል፣ ዚፑን ከጀርባዬ ይዘጋል፣ እስፒሎቹን በከንፈሩ ነክሶ ዙሪያዬን ይዞራል። ሜትር አያወጣም። ዕድሜውን ሙሉ በእጁ የሠራ ሰው ነው፤ ጨርቁ እኔ ላይ እንዴት እንደተኛ አይቶ እዚህ ያጠብቃል፣ እዚያ ይለቃል፣ በጠመኔ ያሰምራል። ከዚያ በኋላ ትልቁ ልክ ሁሉ በዚያ መስመር ይቆረጣል። እስፒል በአፉ እንደያዘ ያወራልኛል ደግሞ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ስለሚያፈሰው ጣራው፣ አግብታ ሩቅ ስለሄደችው ልጁ፣ ስለ መንጋጋው ሕመም። እኔ «እህ» እላለሁ። ዓይኑ ከጨርቁ አይነሳም፤ ፊቴን አይቶ ያውቃል ብዬ አልምልም።

ፍቅር ነው እንዳትሉኝ። ወይም ነው እንበል፤ አጣርቼው አላውቅም። የምኖረው ብቻዬን በአንድ ክፍል ቤት ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ገላዬን የሚነካ የሰው እጅ ቢኖር የእሱ ብቻ ነበር። ይህን በግልጽ ብናገር ማንን ጎዳሁ? ቀሚስ የሚወጣበት ሰሞን ሰውነቴን ታጥቤ፣ ካናቴራዬን ተኩሼ ነው ወደ ሥራ የምገባው።

ታዲያ ጉልበቴ መቆም እምቢ ሲለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ቁጣ አታውቅም። ስኳሬ ጫፍ ላይ መድረሱን፣ ጉልበቴም የተሸከመው ከአቅሙ በላይ መሆኑን ነገረችኝ። መቀነስ አለብሽ አለች፤ ዋናው ግን ቀንሶ ማቆየቱ ነው ብላ ጨመረች። ለማን እንደምትናገር ብታውቅ! እኔ ሁለት ጊዜ ቀንሼ ሁለቱንም ጊዜ ከነወለዱ የመለስኩ ሴት ነኝ። ሁለቱንም ጊዜ አዲስ ቀሚስ ሳይወጣ ወደ ድሮው ልኬ ስለተመለስኩ በሥራው ላይ የመጣ ጣጣ አልነበረም።

ያን ጊዜ ጥፋቴ አዋጅ ማስነገሬ ነበር። የስፌት ቤቱ ሴቶች ጉሮሮዬን ሲጠብቁ ከረሙ። ብስኩት ሳነሳ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ሳላነሳ ደግሞ «በርቺ» ይሉኛል። መልሼ ስወፍር ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ያ ዝምታ ከስድብ በላይ ነው ያመመኝ። ስለዚህ በሦስተኛው አፌን ዘጋሁ። የሚያይ ዓይን ያለው ራሱ ይይ ብዬ ጀመርኩ። የማንን ዓይን እንደምጠብቅ ግን ልቤ ያውቃል።

ረሃቡን ቻልኩት። ያልቻልኩት ምሽቱን ነው። ለካ እራት ምግብ ብቻ አልነበረም። ከሥራ ስወጣ ምን ልሥራ ብዬ ማሰቡ፣ ሽንኩርት መክተፉ፣ ድስቱ ሲንተከተክ አጠገቡ መቆሙ፣ ከበሉ በኋላ ከሻይ ጋር ጣፋጭ ነገር መፈለጉ፤ ምሽቴ የሚያልቀው በዚያ ነበር። አሁን እንቁላል ቀቅዬ ከጎመን ጋር በልቼ፣ አንዷን ሳህን አጥቤ በመስኮቱ ሳይ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ እልና እጄን የማደርግበት ይጠፋኛል። በግድግዳው ማዶ ጎረቤቶቼ ቴሌቪዥን ያያሉ። ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው ለመስማት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። የብስኩቱን ቆርቆሮ ክር ሞልቼበት ነበር፤ እጄ ግን አልሰማም አለ፣ እየሄደ ይከፍተዋል፣ ክር ያገኛል፣ መልሶ ይከድነዋል። ሆዴ ሳይሆን እጄ ነበር የሚርበው።

አውቶቡስ ትቼ በእግሬ መመላለስ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ጫማዬ ሰፋ፤ እግርም እንደሚከሳ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀለበቴ ከጣቴ ወልቆ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ወደቀ። ገዋኑ ሰፊ ስለሆነ በሥራ ቦታ ያወቀ የለም። ታናሽ እህቴ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ስለ ልጆቿ ጉንፋንና ስለ ባሏ ጀርባ አውርታ ደህና ሁኚ ትለኛለች። በስልክ ደግሞ መክሳት አይታይም።

ለአዲሱ ወቅት ቀሚስ ተጠራሁና መርፌዬን ገዋኔ ላይ ሰክቼ ተከተልኩት። በርጩማው ላይ ወጣሁ። ድሮ ስወጣበት ያቃስት የነበረው በርጩማ ያን ቀን ድምፁ አልተሰማም። ቆራጩ ቀሚሱን አጠለቀልኝ፤ ዚፑ ምንም ሳይታገለው ወጣ። ጎኔ ላይ ያለውን ጨርቅ በጣቶቹ ሰበሰበ። ደግሞ ሰበሰበ። እጁ ቆመ። አሁን ይናገራል አልኩ በልቤ።

«የዘንድሮ ጨርቅ ይለጠጣል» አለ። «ፋብሪካው አጭበርብሮናል።»

እስፒሉን ሰካና ስለ ጣራው የጀመረውን ወሬ ቀጠለ።

ጨርቁን ጠረጠረ እንጂ እኔን ሊጠረጥር አልመጣለትም። እኔ ለእሱ እንደ ጠረጴዛው ነኝ ማለት ነው፤ ጠረጴዛ ደግሞ አይከሳም። ሆድ ባሰኝ፤ ሆድ ሲብሰኝ አፌ ይዘጋል። ወርጄ ገዋኔን ደረብኩና ወደ ቁልፎቼ ተመለስኩ። ትልቁ ልክ ሁሉ በዚያ መስመር ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ በየሱቁ ሄደ።

ብዙ ሳይቆይ ከየሱቁ ተመለሰ። ትልቁን ልክ የገዙ ሴቶች ዚፑ ወገባቸው ላይ አልዘጋ ብሏቸው ነበር፤ አንዷማ እዚያው መሞከሪያ ክፍል ውስጥ ቀዳዋለች ተባለ። ጉድ ፈላ። እትዬ የተመለሰውን ሁሉ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስከምረው ሠራተኛውን ጠሩ። ቆራጩ ፊቱ ቀላ፤ በሥራው ተነቅፎ አያውቅማ። ከክምሩ አንዱን መዘዘና እኔን በርጩማው ላይ አቁሞ በሁሉም ፊት አለበሰኝ። ዚፑ ሽር ብሎ ተዘጋ። ቀሚሱ እኔ ላይ ልክክ አለ።

ይኸው ልኩ ነው አለ ወደ እትዬ ዞሮ። ጥፋቱ የገዢዎቹ ነው፣ ሴቱ ሁሉ ወፍሯል። እትዬ ቀሚሱን ዞር ዞር ብለው አዩና ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ሊያምኑት ነው። አገር ምድሩ ወፍሮ እኔ ብቻ ባለሁበት ቀረሁ ማለት ነው። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳይወጣ እንባዬ ቀደመው።

«እኔ ነኝ የከሳሁት» አልኩ።

ቆራጩ ከመሳቢያ ሜትር አወጣ። ከተዋወቅን ጀምሮ ወገቤን ሲለካ የመጀመሪያው ነበር። ቁጥሩን አየ፣ ሜትሩን ፈትቶ ደግሞ ለካ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«በእጄ ላይ እያለሽ?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ በእጅዎ ላይ እያለሁ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሴቶቹ ያኔ ዓይናቸው በራ። አንዷ አንገቴ መውጣቱን፣ ሌላዋ ጉንጬ መጉደሉን ስትናገር ሦስተኛዋ እኔማ ጠርጥሬ ነበር ትላለች። እትዬ ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ ሳቁ። ይህች ልጅ ድሮም ቀንሳ ትመለሳለች፣ አሁንም ትመለሳለች፣ እስክትመለስ ግን ሥራ አይቆምም አሉ። ዋናው ነገር በልቶ መመለስ ስለሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳቸው እየቀነሱ ይልኩልኝ ጀመር።

ቀሚሶቹ እንደገና መቆረጥ ነበረባቸው። በማግስቱ በርጩማው ላይ አቆሙኝና ቁርጥራጭ ጨርቅ በከረጢት ሞልተው ወገቤና ዳሌዬ ዙሪያ አሰሩብኝ። የድሮ ቀሚሴን ደርበው እስኪሞላ ድረስ ጨመሩበት። ስንት ወር የደከምኩበትን በአንድ ጠዋት መለሱልኝ። ቆራጩ እስፒሉን ነክሶ መዞር ጀመረ። እጁ በከረጢቶቹ ላይ ሲሄድ እኔ ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም። እሱ ግን ቀለል ብሎታል፤ ልጁ ልትጠይቀው እንደምትመጣ፣ መንጋጋው እንደተሻለው አወራልኝ። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየኝ።

«አሁን አንቺን መሰልሽ» አለ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ ዳቦ ቤት ገባሁ። ትኩስ ዳቦ ገዝቼ እየሄድኩ ቆረስኩ። ጣፈጠኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። በመናደድ አልነበረም የበላሁት። ጥቂት ወራት እንዲህ ብበላ ቦታዬ ይመለስልኛል፣ ወሬው ይመለስልኛል፣ እጁም ይመለሳል ብዬ አስቤ ነው። ግማሹን ጨርሼ ቤቴ ደጃፍ ስደርስ ደረጃውን ሳላርፍ መውጣቴ ትዝ አለኝ። የደረጃውን መደገፊያ እንኳ አልያዝኩም። ድሮ በየመሐሉ ቆሜ ጉልበቴን እያሸሁ ነበር የምወጣው። ይህን ያህል መንገድ የመጣሁት ለማን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ ለእሱ ከሆነ እሱ አላየም፣ ለእኔ ከሆነ ግን ደረጃውን ወጥቻለሁ። የጎረቤቶቼን በር አንኳኳሁና የቀረውን ዳቦ ሰጠኋቸው። ልጆቹ ተሻሙበት፤ እናታቸው አመስግናኝ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ለእትዬ ወደ ድሮው ልኬ አልመለስም አልኳቸው። ስለ ስኳሬም ስለ ጉልበቴም የምናገረውን ሌሊቱን ሳሰላስል ነበር ያደርኩት። እሳቸው ግን «ደግ፣ ጤና ይበልጣል» ብለው አሻንጉሊት አዘዙ። በቃ ይኸው ነው። አሻንጉሊቱ ሲመጣ ሴቶቹ ድንቡሼ አሉት፣ ስሜም ከእኔ ወደ እሱ ዞረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ክብደቴ ግን ባለበት ቆመ። ምሽቱ አላጠረልኝም፣ እኔ ግን ረጅም ምሽት ለመድሁ። ሐኪሟ በሚዛኑ ላይ አይታኝ በጣም ደስ አላት፤ ሌላ ደስ ያለው ሰው ስላልነበረ ለራሴ ቀሚስ ላሰፋ ወሰንኩ። ቆራጩን ጠየቅኩት፣ እሺ አለኝ። በሜትር ለካኝ፣ በጣቱ ጫፍ ብቻ። ስለ ጣራው ምንም አላለኝም። ቆርጦና ሰፍቶ ሲያስረክበኝ ቁልፉን ራስሽ ትከይው አለ።

ቤት ወስጄ ስገለብጠው ጎንና ጎኑ ላይ አራት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ትርፍ የሚተወው ለልጅ ልብስ ነው፤ ልጅ ያድጋል፣ ስፌቱ ይለቀቅለታል። ለአዋቂ አንድ ጣት ይበቃል። ለእኔ የተወልኝ ስወፍር እንዲለቀቅልኝ መሆኑ ነው። ሰውስ ይሁን፣ ቀሚሴም አያምነኝም ብዬ መቀሴን አነሳሁ። በግራም በቀኝም ቆርጬ ጣልኩት። ቆርጬ ስጨርስ የማሳየው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ለብሼው ገባሁ። ቆራጩ ቀሚስ ባየ ቁጥር እንደሚያደርገው የጎኑን ስፌት በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገ። ትርፉን ፈለገ፣ አጣው። ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ዓይኖቹ ሞራ እንደጀመራቸው ያየሁት ያኔ ነው፤ እኔም እሱን አይቼው አላውቅም ነበር።

«ቆረጥሽው?»

«ቆረጥኩት። ምን ያደርግልኛል ጋሼ፣ አልወፍርም እኮ።»

«እንደማትወፍሪ አውቃለሁ» አለ። «እኔ የተውኩት ብትወፍሪ ብዬ ተመኝቼ ነው። ያቺን በርጩማ መልሰሽ ትወጪልኝ ይሆናል ብዬ። ያ ጥጥ እኮ አይሰማኝም፤ ማንን ላዋራ?»

እንዲህ ያለ ቃል ስንት ዘመን እንደጠበቅኩ የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን መጣ፣ የመጣው ግን ለዚያችኛዋ ሴት ነው፤ እሷ ደግሞ የለችም።

«እኔ እኮ እዚሁ ነኝ» አልኩት።

እስፒሎቹን ከንፈሩ ላይ መልሶ ወደ አሻንጉሊቱ ዞሮ ነበር። ጎኑ ላይ ያለውን ጨርቅ በጣቶቹ መሰብሰብ ጀመረ።