ወንድም የተባልኩበት ከሰዓት

ቶአካሴን እንደምወዳት ከአራታችን የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ፌኪ ያውቃል፤ ሳሚዩም ያውቃል። አንድ የደሴት መንደር ውስጥ አብረን ያደግን ነን። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስቀር ሳሚዩ ኦክላንድ ድረስ ሄዶ ተምሮ መጣ። ከመጣ ወዲህ ሲያናግረኝ ቃሉን ይቆራርስልኛል፣ ለሕፃን እንደሚያጎርሱት።

ያን ቀን ባሕሩ ተቆጥቶ ስለዋለ ጀልባ የወጣ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ጀልባ ማደሪያው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ክብ ሠርተን ካቫ፣ ከሥር ተወቅጦ የሚጨመቀውን መጠጣችንን፣ ያዝን። ገበቴው ፊት ተቀምጣ የምትቀዳው ቶአካሴ ነበረች። ቀጂ ከጠጪዎቹ ጋር ዝምድና ሊኖራት አይገባም። ወንድሟ ካለ እሷ አትቀዳም፤ እሷ ከቀዳች ወንድሟ አይገባም። ምክንያቱም የካቫ ጨዋታ ማለት ቀጂዋን መጀንጀን ነው። ሁሉም ይጀነጅናታል፣ ከልቡ የሚናገር ግን የለም።

ሽማግሌው ቫካ ጀመሩ። «አንቺ ልጅ፣ ሚስቴ ስትሞት ጥርሴም አብሯት ሄደ። ብታገቢኝ አላምጠሽ ታጎርሺኝ ይሆን?»

«አባባ፣ መጀመሪያ ጥርስዎን አስመልሰው ይምጡ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሳሚዩ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ሞሴሴ? ገበቴውን ነው እንዴ ልታገባ ያሰብከው? ከመጣህ ጀምሮ እሱ ላይ አፍጥጠሃል!»

እያወቀ ነው እንዲህ ያለው። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይኼ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። «ቶአካሴ፣ እኔ እንደነሱ ጨዋታ አልችልም» አልኩ። «ከልጅነታችን ጀምሮ እወድሻለሁ። ወግ ቢሆን ሰው ይላክ ነበር። የምልከው ሰው ስላጣሁ ራሴ ነገርኩሽ።»

ፌኪ ጭኑን እየመታ ተንከተከተ። «በቃ! የዛሬውን እሱ ወሰደው! ‹የምልከው አጣሁ› አላለም? ውይ ሞሴሴ፣ ይህን ሁሉ የት ደብቀኸው ኖረህ?»

እሷም ሳቀች። ያኔ አብሬ ብስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ቶሎ የሚገባው ሰው ይስቅ ነበር።

«እየቀለድኩ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። ዓይኔም እንባ አቅርሮ አሳፈረኝ።

ሳቁ ከአንዱ አንዱ እያለ ጠፋ። ቶአካሴ የኮኮናት ዋንጫውን እንደያዘች ገበቴው ላይ አቀረቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሞሴሴ… አንተ እኮ ለእኔ ወንድሜ ነህ» አለች።

ሌላ አገር ይህ ማባበያ ይሆን ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ሰው ፊት ከተባለ ተባለ ነው። ወንድም ከሆንኩ እዚያ መቀመጥ አልችልም። ሁሉም እኔን ማየት ትተው በሩን አዩ።

ቫካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጄ… ሰምተሃል።»

ፌኪ ጉልበቱን ሰብስቦ አሳለፈኝ። ደጅ ከተከመረው ጫማ መሐል የራሴን ፈለግሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጠላ ጫማ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳገላብጥ ከውስጥ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም፤ መሄዴን ይጠብቃሉ። መጨረሻ ላይ የእኔን አንዱንና የሌላ ሰው ሰፊ ጫማ አጥልቄ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። መንገዱ ጋ ሳልደርስ ጨዋታው ቀጠለ።

ደግ ልጅ ናት፣ በክብር መለሰችህ ይሉኛል። ይበሉ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች፤ ለወንድም የሚገባው እንደሱ ነው። እኔ ካለሁ ስለ እሷ ማንም አይቀልድም። ያገባችው ሳሚዩን አይደለም፤ እሱን ቢሆን ጥላቻዬ ማረፊያ ያገኝ ነበር። አንድ ረጋ ያለ ፖሊስ አገባች።

ቦዬ የምንለው ሥራ ሥር ለቁፋሮ ሲደርስ እናቴ መቆፈሪያውን አቀበለችኝ። «መንደሩ ሁሉ ወንድሟ መባልህን ሰምቷል። የአዝመራው በኩር ለእህት ነው። አታዋርደኝ።»

ትልልቁን መርጬ ተሸክሜ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ባሏ ወጥቶ ሸክሜን ተቀበለኝ። ሰውየው እኮ ክፉ አይደለም። ጎረቤቶች በየደጃፋቸው ቆመው ያያሉ። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ እግሯ ይታየኛል።

«ምን ልበላት?» አለኝ ባሏ።

ሰው እየሰማ፣ «ለእህቴ ነው በላት» አልኩት።