ባንታየሁ የተደገፈው ቅርፊት

ባንታየሁ ካረፈ ሳምንት ሳይሞላው ላንድሎርዱ፣ አከራያችን፣ የግቢውን የጃካራንዳ ዛፍ አስቆረጠው። ለመኪና ማቆሚያ ነው አለ። በግቢው ውስጥ መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ የማቆመውም ዛፉ ሥር ነበር። ይህንኑ ብነግረው «ፖሌ ሳና» አለኝ፤ በስዋሂሊ «በጣም አዝናለሁ» ማለቱ ነው። ለሟቹ ይሁን ለዛፉ አልገባኝም።

የባንታየሁ ሚስት ውባንቺ አልጮኸችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ወጣችና ከግንዱ የታችኛው ቁራጭ ላይ ተቀመጠች። ዛፍ ቆራጩ ሞተር መጋዙን እያጓራ ፊቷ ቆመ።

«አልነሳም በለው» አለችኝ።

አልነሳም ትላለች አልኩት በስዋሂሊ። ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ሌላ ሌላውን ጭኖ ሄደ።

ምክንያቷ ግንዱ ላይ ይታይ ነበር። ባንታየሁ ኩላሊቱን ካመመው ጀምሮ ከሰዓት በኋላውን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያንን ዛፍ ይደገፍ ነበር። የጃካራንዳ ቅርፊት እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነው። የእሱ ጀርባ ያርፍበት የነበረው ግን፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ፣ እንደ አሮጌ ቀበቶ ለስልሷል። ሸሚዙ እያሻሸ የጨረሰው ነው። የሸሚዙን ጀርባ ደግሞ ዛፉ ጨርሶታል፤ ውባንቺ በየጊዜው ትጥፈው ነበር።

እዚህ ካሳራኒ ሰፈር ያለነው ሐበሾች አንድ የጽዋ ማኅበር አለን። በእኛ ልማድ በአርባው ቀን ዳቦው የሚቀርበው ከሟቹ ቤት በወጣ ዕቃ ነው። ውባንቺም ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለሰብሳቢያችን ለአቶ በኃይሉ፣ «ዳቦው ከራሱ ዛፍ በተሠራ ገበታ ይቀርባል» ብላ ነገረችው። በኃይሉ ከሰማ ከከተማው ማዶ ሩንዳ ሰፈር ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው። ወደ ኋላ የሚባል ነገር አልነበረም።

ግንዱን በእኔ ፕሮቦክስ መኪና ጭነን ጋሽ ገብረኣብ ዘንድ ወሰድነው። ጋሽ ገብረኣብ የአስመራ ሰው ናቸው። ከቲካ መንገድ ጀርባ ባለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ቶርኖ ላይ እንጨት እያሽከረከሩ ዕቃ ያወጣሉ። አማርኛን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተምረው እስከ ዛሬ እንደነበረ አስቀምጠውታል። እኛ ስለ ስልክ ስናወራ ግማሹ ስዋሂሊ ነው፤ እሳቸው እስካሁን ስልክ «ይመታሉ»።

ግንዱን አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት። ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ውሃ ወጣ።

«ዝናብ ላይ ጣላችሁት?»

«ቤት ውስጥ ነው የነበረው» አለች ውባንቺ።

«ታዲያ ይህ ከየት መጣ?»

ውባንቺ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ቶርኖው አየሁ።

«ጠበል ነው። ጠዋት ጠዋት አፈስበታለሁ።»

ጋሽ ገብረኣብ ካቶሊክ ናቸው፤ በጥንቃቄ አሰቡበት። «እንጨቱ ታሞ ነበር?»

«ባለቤቱ ነው የታመመው።»

ጋሽ ገብረኣብ ቅርፊቱ ከእንጨቱ መላቀቅ እንደ ጀመረ አሳዩን፤ በመካከሉ ጥፍር ይገባል። እንጨት ሲቀመጥ እንዳይረጥብ ይጠበቃል እንጂ አይጠመቅም። ይህን እኔም አላወቅሁም ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው፦ ግንዱ ለሁለት ይሰነጠቅና ግማሹ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆረጣል፤ ቅርፊቱ ከላይ ይሆናል። ከዚያ ቶርኖው ላይ እየተሽከረከረ መሃሉ ይጎደጉዳል። ጥጎቹ ላይ ቅርፊቱ እንደ ተፈጥሮው ይቀራል። ውባንቺ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር። «ለስላሳው መሃሉ ላይ ይሁን» ብላ አዘዘች።

ጋሽ ገብረኣብ ግንዱን በመጋዝ ሰንጥቀው ጨርሰው የኮምፓሱን ጫፍ ለስላሳው ቦታ ላይ ሲያሳርፉ ውባንቺ እጃቸውን ያዘች።

«እዚያ ላይ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«መሃሉ ይሁን አላልሽም?»

«ዳቦው እሱ ላይ እንዲያርፍ ነዋ!»

«ልጄ» አሉ፣ «መሃሉ እኮ ነው ተፍቆ የሚወጣው። ከሁሉ በፊት የሚሄደው ይህ ነው።» በእግራቸው ወለሉ ላይ ወደተከመረው ፍቅፋቂ አመለከቱ።

ውባንቺ ፍቅፋቂውን አየችው።

«አንተ ታውቅ ነበር ዓምዴ?» አለችኝ።

«እኔ ጫማ ነው የምሸጠው።»

ጋሽ ገብረኣብ እንጨቱን ወዲህ ወዲያ አዞሩት። ለስላሳው ወደ አንዱ ጥግ ከተወሰደ ይተርፋል። ግን በዚያ በኩል ግንዱ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁ ተቆርጦ ሲጣል ብዙ እንጨት አይቀርም።

«ምን ያህል ይሆናል?»

ውሃ እንደሚቀበል ሰው ሁለት እጃቸውን አጋጠሙ። «ዳቦ አይችልም። እፍኝ ንፍሮ ይይዛል። ደግሞም ጥግ ላይ ያለ ቅርፊት ነው ቀድሞ የሚበረው፤ ያንቺ ደግሞ ረጥቧል። ትልቁን ካልሽ እርግጠኛ ነኝ። ትንሹን ካልሽ እንሞክራለን።»

«በኃይሉ ምን ይላል?» አለች ወደ እኔ ዞራ።

«በኃይሉ መቼ ምን ሳይል ቀርቶ ያውቃል?»

የቀረው ግማሽ ግንድ ላይ ተቀመጠች፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ይህች ሴት ከተቀመጠች እንደማትነሳ ስለማውቅ እኔም መቀመጫ ፈለግሁ። ጋሽ ገብረኣብ ግን መሮአቸውን ይስሉ ጀመር።

«ጥጉ ላይ ያድርጉት» አለች በመጨረሻ።

የላላውን ቅርፊት በሱፐር ግሉ፣ ጠብታ በጠብታ፣ አጣበቁት። በካላማዳሪ፣ በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠፍረው ጥላ ውስጥ አኖሩትና በሌላ ቀን ተመለሱ አሉን።

ስንመለስ ጋሽ ገብረኣብ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቀለበታቸውን አውልቀው ጠበቁን። እኔን ማብሪያ ማጥፊያው ጋ አቆሙኝ።

«እጄን ካነሳሁ አጥፋ። ለምን እንዳትለኝ።»

ቶርኖው ተነስቶ መሽከርከር ሲጀምር አራቱ ጥጎች ከዓይን ጠፉ። መሃሉ እንጨት ነው፤ ዙሪያው ግራጫ ጥላ ብቻ ሆነ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ ሁሉ ይታያል።

«እዚያ እጅ አይገባም» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «የሌለ ይመስላል። አለ።»

ውባንቺ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። መሮው ጥላው ውስጥ ገባ። አየር አንዴ፣ እንጨት አንዴ እየነካ ይንኳኳል። ትከሻቸው አይነቃነቅም፤ ከወገባቸው ብቻ ይመለሳሉ። ፍቅፋቂው ጫማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

በድንገት አንድ ነገር ጣሪያውን መታው። እጃቸው ተነሳ። አጠፋሁ።

ቶርኖ ቢጠፋም ወዲያው አይቆምም። የትኛው ጥግ እንደተላጠ ጥላው እስኪሰክን ማንም አያውቅም። ውባንቺ ወደ ጣሪያውም ወደ መሬቱም አላየችም። ባንታየሁ ሆስፒታል ሳለ፣ ሐኪሙ በር ከፍቶ ሲወጣ የምታየውን አስተያየት አየሁባት።

ጥጎቹ ተመልሰው መጡ። አንዱ ራቁቱን ነው። ለስላሳው ከፊት ለፊቱ፣ በቦታው ነበር።

ጋሽ ገብረኣብ ጎንበስ ብለው የበረረውን ቅርፊት ፈለጉ። «ይህንን መልሼ ልለጥፈው እችላለሁ።»

«ይቅር» አለች። «እሱ የማንም አይደለም።»

ሆዱንና የታች ወገኑን ፍቀው ጨርሰው ገበታውን ከቶርኖው አወረዱት። ጥግ እየዞረ በወረቀት አይነካም፣ ጣት ይወስዳል፤ ስለዚህ ጭናቸው ላይ አድርገው በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ይፈትጉት ጀመር። ከሸካራው ወደ ለስላሳው ወረቀት እየሄዱ ሆዱን፣ ከዚያ ራቁቱን ጥግ፣ ከዚያ ሁለቱን አስተካከሉ። ወደ መጨረሻው ዞረው ወረቀቱን አነሱ። ውባንቺ ከግድግዳው ተላቀቀች።

ጋሽ ገብረኣብ በአውራ ጣታቸው አንዴ ዳሰሱት። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ይህ አልቋል» አሉ።

ዘይቱን ራሷ እንድትቀባው ጨርቅ ሰጧት። ጨርቁን ትታ በመዳፏ ቀባችው።

«ሲደርቅ ይጣመማል» አሉ ጋሽ ገብረኣብ ሲሸኙን።

«ይጣመም። እሱስ ቀጥ ብሎ መቼ ተቀምጦ ያውቃል!» አለች። ባንታየሁ ካረፈ ወዲህ ስለ እሱ ስትቀልድ የሰማኋት ያኔ ነው። መኪና ውስጥ አለቀሰች።

በአርባው ቀን ዳቦው በፕላስቲክ ትሪ ቀረበ። በኃይሉ ትሪውን አየ፤ ሰዉን አየ።

«ውባንቺ፣ ገበታው የታል? ሰው ሁሉ እኮ ገበታ አለ ተብሎ ነው የመጣው!»

ትንሿን ገበታ፣ እፍኝ ንፍሮ ይዛ፣ አቀበለችው።

«ይህቺ ናት? ለአንድ ሰው እንኳ…» ብሎ ጀመረ። አውራ ጣቱ ለስላሳው ጥግ ላይ አርፎ ነበር። በኃይሉ ከባንታየሁ ጎን በርጩማ አስጠግቶ ስንት ከሰዓት አሳልፏል። ጣቱን አነሳ፣ ጥጉን አየ፣ ጣቱን መልሶ አሳረፈ።

ከንፍሮው ትንሽ ቆንጥሮ ገበታውን ለሚቀጥለው ሰው አሳለፈ፤ ሲሰጥም ያንን ጥግ ወደ ተቀባዩ አዙሮ ነው።

ንፍሮው ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ዘንድ ሳይደርስ አለቀ። ገበታው ግን ደረሰ።