የማይጠይቀው ማክሮ

ልዑልቃልን መጀመሪያ «ኢንጂነር» ብሎ የጠራው ማን እንደሆነ አይታወቅም። እሱም አጣርቶ አያውቅም፤ ቢያጣራ ማስተባበል ሊኖርበት ነው። ሥራው የሶፍትዌር ከተማ በምትባለው ሬድመንድ ውስጥ ባለ ትልቅ መሥሪያ ቤት፣ የትኛው ወንበር ከየትኛው ቢሮ ወደ የትኛው ቢሮ እንደተዛወረ ኤክሴል ላይ መመዝገብ ነበር። የሲያትል አበሻ ግን «ሬድመንድ» እና «ኮምፒውተር» የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ ከሰማ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። «ሶ፣ ሶፍትዌር ነው የምትሠራው?» ሲሉት «ሬድመንድ ነኝ» ብሎ ፈገግ ይላል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች፤ ልዑልቃልም ከበቅሎዋ ወገን ነበር።

ማክሮን ያወቀው ከስንፍናው የተነሳ ነው። በየቀኑ ፋይል መሰየም፣ ማስቀመጥ፣ ማተም፣ እንደገና መሰየም ሰልችቶት ሳለ ኤክሴል ውስጥ አንዲት የመቅጃ ቁልፍ አገኘ። እሷን ተጭነህ ሥራህን አንድ ጊዜ ከሠራህ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ነገር ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ አንዴ ስትነካው ሁሉንም ራሱ ይደግመዋል። በቃ፣ ማክሮ ማለት ይኸው ነው። ልዑልቃል ግን ያን ሰሞን አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የሚሄደው።

በዚህ ኩራት ላይ ሳለ ነው፣ በ2013 መሆኑ ነው፣ የሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈሩን እድር «ላዘምን» ብሎ የተነሳው። አባል ሐዘን ሲደርስበት ማን ምግብ ይዞ እንደሚመጣ፣ ማን ወንበር እንደሚያመላልስ፣ ማን እንደሚያመሽ የእድሩ ጸሐፊ አፀደ በእጇ ትጽፍ ነበር። አፀደ ቼሪ መንገድ ላይ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አላት። ልዑልቃል አገሩን ሳይለምድ፣ ሥራም ሳያገኝ በፊት ምሳውን የበላው እሷ ሱቅ ጓዳ ነው፤ እህቱ ናት ማለት ይቻላል። እሷን ከድካም ላሳርፍ ብሎ ማክሮውን ሠራላት።

የባለሐዘኑንና የሟቹን ስም ጽፎ «ጨርስ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ማክሮው ፋይሉን በባለሐዘኑ ስም ይሰይመዋል፣ እድሩ መዝገብ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ አፀደ ሱቅ ጓዳ ባለው ፕሪንተር ሦስት ኮፒ ያትመዋል። ፕሪንተሩ በኢንተርኔት የሚታዘዝ ዓይነት ስለሆነ ልዑልቃል የትም ሆኖ ያዘዋል። መጀመሪያ ላይ ከማተሙ በፊት «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ሳጥን ብቅ ይል ነበር። ልዑልቃል አጠፋው። «እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር እጫናለሁ እንዴ?» ብሎ ለጠቅላላ ጉባኤው ሲያስረዳ ተጨበጨበለት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚል አንድ ሽማግሌ እንኳ ከመሐል አልተገኘም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ሥዩም ቢሮው ደወሉለት።

«ልዑል፣ አጠገብህ ሰው አለ?» አሉት አስቀድመው።

«አለ ጋሼ፣ ባልደረቦቼ አሉ። ምነው?»

«የአፀደ ወንድም፣ በዛብህ፣ ዐረፈ። ልጁ ካዲስ አበባ አሁን ኮል አደረገልኝ።»

ልዑልቃል ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። በዛብህ አፀደን እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ስሙን ሳታነሳ የምትውልበት ቀን የለም።

«እሷ አልሰማችም» አሉ ጋሼ ሥዩም። «ነገ ጎህ ሲቀድ ቤቷ ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ፣ አደራ!»

«ገብቶኛል ጋሼ፣ በእኔ ይጣሉት።»

«አንተ ወረቀቱን አዘጋጅልን። ነገ ምግቡም ወንበሩም ይፈለጋል።»

ልዑልቃል ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የደነገጠ ሰው እጁ ሥራ ይወዳል። ዶሮ ወጡን ለወርቅዬ፣ ወንበሩን ለገመዳ፣ ውሃውን ለራሱ መደበ። ባለሐዘን በሚለው ቦታ «አፀደ»፣ ሟች በሚለው ቦታ «ወንድሟ በዛብህ» ብሎ ጻፈ። «ጨርስ» የሚለውን ተጫነ። ማክሮው ሰየመ፣ አስቀመጠ፣ አተመ። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አልፈጀበትም፤ ልዑልቃልም በዚያ ሐዘን መሐል፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ በፍጥነቱ ትንሽ ደስ አለው።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን አነበበ። «ታትሟል፤ አፀደ ሱቅ።»

ትእዛዙን ሊሰርዝ ሞከረ። መሰረዝ ግን ማክሮው ውስጥ አልነበረም፤ መሰረዝን የመሰለ የፈሪ ሰው ነገር እሱ ራሱ ነው ያወጣው። ደውሎ «ፕሪንተሩን ንቀይልኝ» እንዳይላት፣ ለመንቀል የምትቆመው ወረቀቱ አናት ላይ ነው። «ወደ ጓዳ አትግቢ» ቢላትማ አፀደ ናትና ወዲያው ትገባለች። ቢሆንም ደወለ።

«አፀድዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«በርበሬ እየነፋሁ» አለች። «ምነው በሥራ ሰዓት?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብለህ ደውለህ አታውቅም» አለችው። ስልኩን ዘጋው።

መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሱቁ ገሠገሠ፤ ወደ ሲያትል የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ግን የዓርብ መኪና ተጠቅጥቆ ቆሟል። ልዑልቃል መሪውን ጨብጦ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳለ፦ ወረቀቱ ፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ ተጨማዶ ይቅር። ያ ፕሪንተር ወረቀት በያዘ ቁጥር የፋብሪካውን ዘር ሲሰድብ የኖረው እሱ ነው፤ ዛሬ ግን ያዝልኝ እያለ ይማጸነው ጀመር።

ሱቁ በር ላይ እንደነገሩ ፓርክ አድርጎ ዘው አለ። አፀደ ባንኮኒው ኋላ ቆማ በርበሬ በላስቲክ ትሞላለች። አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍናለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«በርበሬው ፈጀኝ» አለች፣ ሳይጠይቃት።

«እሱ እንዲህ ነው» አለ ልዑልቃል፤ ልቡ ግን ጓዳ ነበር። «ፕሪንተሩን አፕዴት ላድርገው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ግባ።»

ወረቀቶቹ በደረታቸው ተደፍተው ፕሪንተሩ ላይ ተኝተዋል። ሁለት ናቸው። ሦስተኛው የለም። የፕሪንተሩን ሆድ ከፈተ፣ ከሥሩም ፈለገ፣ የለም። የወረቀት ማስገቢያውን ሲስበው ባዶ ነው። ወረቀት አልቆ ነዋ! ሦስተኛው አልታተመም! ስለቱ ሠመረ። ሁለቱን አጥፎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተና እንደ ኢንጂነር እየተጎማለለ ወጣ።

«ተሠራ?» አለችው።

«ተሠራ። ትንሽ ነገር ነበር።»

«ትንሽ ተቀመጥ እስቲ፣ ልዑሌ። ሻይ ላፍላልህ። ዛሬ ሰው ናፍቆኛል።»

«ኦ፣ ዛሬ እቸኩላለሁ አፀድዬ። ሌላ ቀን» አለና ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ በረጅሙ ተነፈሰ። ያን ቀን ምንኛ ብልጥ እንደሆነ እያሰበ፣ እያፏጨ ማለት ይቻላል፣ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሼ ሥዩም፣ ሽማግሌዎቹና የእድሩ ሴቶች፣ ልዑልቃልም ተከትሏቸው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ ያለው ቤቷ ደረሱ። ገና ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። አፀደ ለብሳ ቆማለች። ሳሎኑ ሰፍቷል፤ ሶፋው ወደ ግድግዳው ተገፍቷል፣ ጠረጴዛው ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ አላስተዋሉም። ልዑልቃል ግን እንጀራው የተዛወረ ወንበር መቁጠር ነውና አየው።

ጋሼ ሥዩም ጀመሩ። ከአዳም ተነሥተው፣ የሰው ልጅ እንግዳ ነው ብለው፣ ባለፈው የዐረፉትን ሁሉ እያስታወሱ በቀስታ ወደ በዛብህ መጡ። አፀደ አንድም ቦታ ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። ስሙ ሲጠራ ጮኸች፤ ደረቷን መታች። ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ያዟት። ለቅሶው የእውነት ነበር፤ አድሮ የመጣ ለቅሶ።

ረፋዱ ላይ ልዑልቃል ውሃውን ይዞ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ ብቻዋን አገኛት። ከደረቷ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ሰጠችው።

«ሦስት ኮፒ ነው የሚያትመው» አለች። «አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ስትደውልልኝ እጄ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለጋሼ ሥዩምስ?»

«ጋሼ ሥዩም ሌሊቱን ቃል ሲመርጡልኝ ያደሩ ሰው ናቸው። ሰምቻለሁ ብዬ ልፋታቸውን ከንቱ ላስቀር? አንተንማ ተቀመጥ ብዬህ ነበር።»

ልዑልቃል የውሃውን ካርቶን እንዳቀፈ ማልቀስ ጀመረ። መርዶ ለምን በሰው መሐል እንደሚነገር ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ የገባው ግን ገና አሁን ነው። አፀደ ወንድሟን ከፕሪንተር ሰምታ፣ በርበሬ አሳብባ፣ ያን ሌሊት ብቻዋን ሶፋ ስትገፋ አድራለች። ይባስ ብሎ አሁንም ተነሥታ «በቃ ልዑሌ፣ በቃ» እያለች የምታባብለው እሷው ናት። ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ባለሐዘኗ ያጽናናችው ኢንጂነር ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ማክሮው ውስጥ አንድ ሳጥን መልሶ አስገባ። «እርግጠኛ ነህ?» አይልም፤ እሱ መቼ እርግጠኛ ሳይሆን ቀርቶ ያውቃል? «ባለሐዘኑ አጠገብ ሰው አለ?» ነው የሚለው። ልዑልቃል ደውሎ ካላጣራ «አዎ» የሚለውን አይነካም። ጋሼ ሥዩም በስብሰባ ላይ «ድሮ አፀደ በእጇ ስትጽፍ ይፈጥን ነበር» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ እሷ ቀና ሳትል ወረቀቷን ታገላብጣለች፤ እሱም አይከራከርም። መልሱ «የለም» የሆነ ዕለት ኮምፒውተሩን ዘግቶ መኪናውን ያስነሣል።