ከሙንተሃ ጎን

ታቢታ ከፊቷ የሚሰፋ ልብስ እያለ ወሬ አታበዛም። የዚያን ዕለት ከሰዓት ግን አፏ አላርፍ አለ። ልጇ ሩሐማ በማግስቱ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ትገባለች።

ሱቋ አዲስ ከተማ፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት ጥግ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ልጇን ግን መርፌ አስነክታት አታውቅም። ሩሐማ ክር ላስገባልሽ ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ "አንቺ እስክሪብቶሽን ያዢ" ትላታለች።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሩሐማ ውጤት አሽቆልቁሎ ነበር። ተማሪዎቹ አንድ ለአምስት ተደራጅተው፣ አንድ ጎበዝ አምስቱን እየመራ ነበር የሚቀመጡት። ታቢታ የክፍል ኃላፊውን መምህር ዋሲሁንን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠብቃ ያዘችው።

"መምህር፣ በጌታ ይዤዎታለሁ፣ ሩሐማን ከአብዱልሃሚድ ልጅ ጎን ያስቀምጡልኝ።"

መምህሩ አመነታ። "ሙንተሃ ትሠራለች፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። እኔ የምፈራው እሱን ነው፣ እህት ታቢታ።"

"ግዴለም፣ ከጎኗ ስትውል ጉብዝናው ይጋባባታል።"

አስቀመጠላት። ሩሐማ በዚያው ዓመት ስድስተኛ፣ በተከታዩ ሦስተኛ ወጣች። ታቢታም እሑድ ጉባኤ ፊት ቆማ ጌታ ልጇን እንደረዳት መሰከረች። መምህሩ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳባትም።

አሁን ሩሐማ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ሳለ ሙንተሃ ያጠረ ጉርዷን ይዛ ወደ ሱቁ ገባች።

"እትዬ ታቢታ፣ ጠርዙን ቶሎ ይልቀቁልኝ። ቁመቴ ማደጉን ሳይጨርስ ፈተናው ደረሰ!"

"ከቁመትሽ ለሩሐማም ብታካፍያት ምናለ!" ታቢታ ጉርዱን ተቀበለቻት። "አደራሽን ሙንተሃዬ፣ እዚያም እንደ ሁልጊዜው ጎን ለጎን ሁኑ።"

ሙንተሃ ሳቀች። "የት ተገኝቶ! ወንበሩ እንደሁ የተራራቀ ነው። የጥያቄውም ተራ ይለያያል፤ የሷ አንደኛ የኔ ሠላሳኛ ሊሆን ይችላል። ፈታኞቹም ከሌላ ከተማ ነው የሚመጡት።" ወደ ሩሐማ ዞረች። "አንገተ ግራ፣ አንገትሽን ምን ልታደርጊው ነው?"

"ሂጂ ወዲያ!" አለች ሩሐማ እየሳቀች።

"አንገተ ግራ ደግሞ ምንድን ነው?" ስትል ታቢታ ጠየቀች።

"የክፍል ስሟ ነዋ! እኔ በግራዋ አይደል የምቀመጠው?"

ታቢታም አብራ ሳቀች። ሙንተሃ ጠርዙ የተለቀቀ ጉርዷን ይዛ ከወጣች በኋላ ሌላ ሥራ ጀመረች። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ስትረግጥ ቆይታ ጨርቁን ብታነሳው ክሩ አልቆ ኖሯል። ከዳር እስከ ዳር የመርፌ ቀዳዳ እንጂ ስፌት አልነበረበትም። ቀዳዳዎቹን በጣቷ ዳሰሰች፤ ቀና ብላም ልጇን አየች።

"ሩሐማ፣ ያንን የአምናውን የሒሳብ ፈተና አምጪው። እስቲ አንዱን እዚህ ሥሪልኝ።"

"እማ ደግሞ! ልታርሚኝ ነው?"

"አላርምም። ሥሪ፣ ልይሽ።"

ሩሐማ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ አለች። ጥያቄውን አነበበች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቁጥሮቹን በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ገለበጠች፤ የእኩል ምልክት አደረገች። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ፤ አንገቷም ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ። በግራዋ በኩል ግድግዳው ላይ ያልተወሰዱ ዩኒፎርሞች ተሰቅለዋል። እነሱን እያየች ጠበቀች። መዞሯን ራሷም ያወቀችው አትመስልም።

"ሌላውን ሞክሪ" አለች ታቢታ።

ሌላውንም ገለበጠች። ሌላውም ላይ ዞረች።

"እማ፣ እንዲህ ቆመሽ ስታዪኝ ነው የሚጠፋብኝ። እዚያ ስደርስ ይመጣልኛል።"

"ምኑ ነው የሚመጣልሽ፣ ልጄ?"

ሩሐማ ቀና አለች። ፊቷ ሕፃን ሳለች ገበያ መሃል የጠፋች ጊዜ እንደሆነው ሆነ።

ታቢታ ለመምህር ዋሲሁን ልትደውል ስልኳን አነሳች። "እኔ የምፈራው እሱን ነው" ያላት ትዝ አላት። መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውቶብሶች ተደርድረዋል። ወላጆች ይመርቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ሙንተሃ እጇን እያውለበለበች ፊተኛው ላይ ወጣች። ሩሐማ ከኋላ ባለው አውቶብስ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ታቢታ ከእግረኛው መንገድ ሆና መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

"ሩሑ! ሩሑዬ! እዚህ ነኝ፣ በዚህ በኩል!"

ሩሐማ አልሰማችም። አንገቷን ወደ ግራ አዙራ፣ ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር ታያለች። አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ። ታቢታ መስታወቱን እየመታች እስከ መታጠፊያው ድረስ እኩል ሮጠች። ልጅቷ አልዞረችም።